እህቴ ትመጣለች፤ የትኛውን የቤዝ ጊታር ፒክአፕ ልዘዛት?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የአንድ የደሴ ቤዚስትና ሬዲዮ ጠጋኝ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ በሠርግ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ አራት ክር፣ ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ዕቃ) ያለው የፌንደር ጃዝ ቤዝ ቅጂ ነው፤ ከሰው እጅ ነው የገዛሁት። ቤት ውስጥ በትንሿ አምፕሊፋየሬ ስጫወት ደህና ነው። ድንኳን ገብቼ ሚክሰሩ ላይ ስሰካው ግን ይታፈናል። «ጉም ጉም» ይላል እንጂ ምን እንደምጫወት አይለይም። ሃይ (ቀጭኑን ድምፅ) ስጨምር ሽሽታው ብቻ ይጨምራል፣ ሚዱም (መካከለኛው ድምፅ) ባዶ ይሆናል። የምፈልገው ሞቅ ያለ ሚድና ጥርት ያለ ሃይ ነው። እህቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ትመጣለች፤ «ምን ላምጣልህ?» ብላኛለች። ጓደኞቼ «ሆት የሚባለውን ኃይለኛ ፒክአፕ እዘዛት» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
ቤዚስቱ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሆቱን አታዝዝ። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን።

እኔም እንዳንተው ተሸውጄ አውቃለሁ። ከቀበሌ ኪነት ጊዜ ጀምሮ አብራኝ ያለች ቤዝ አለችኝ። አንድ ነጋዴ «ይሄ ፒክአፕ ድንኳን ያፈርሳል» ብሎ ሸጠልኝና ለወጥኩላት። ሰውዬው አልዋሸም። በሳምንቱ ባቲ መንገድ ላይ ሠርግ ነበረን፤ ድምፁ እውነትም ድንኳን ያፈርሳል፤ ግን ጭቃ ነው። ዘፋኙ ዞር እያለ ያየኛል። ሳውንድ ማኑ በእጁ «ቀንስ፣ ቀንስ» ይለኛል። ቀነስኩ። ጭቃው ቀነሰ እንጂ አልጠራም። ማታ ቤቴ ገብቼ ፒክአፑን በቴስተር ለካሁት፤ 14 ኪሎ ኦም! የተለመደው የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?

ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ክሩ ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ በቃ። ሽቦው 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የራስ ፀጉር በለው። በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ይጠቀለላል። ዙሩ ሲበዛ በቴስተር የሚለካው ኦም ከፍ ይላል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ሚዱም ይወፍራል። ሃዩ ግን በዚያው ልክ ይሞታል። አየህ ችግሩን? ሞቅ ያለ ሚድ «ዙር ይጨመርልኝ» ይላል፤ ጥርት ያለ ሃይ «ይቀነስልኝ» ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ መካከለኛ ጥቅል ነው፤ ሆት የሚሉት ደግሞ ወደ አንዱ ያደላ ነው።

አሁን ደብዳቤህ ውስጥ ቆም ያደረገኝን ነገር ላንሣ። ቤት በአምፕሊፋየር ደህና ነው፣ ድንኳን ውስጥ ሚክሰር ላይ ስሰካው ይታፈናል ብለሃል። እንዲህ ከሆነ የታመመው ፒክአፕህ ላይሆን ይችላል።

ያንተ ጊታር ባትሪ ከሌለው ፓሲቭ ነው። ፓሲቭ ፒክአፕ ደካማ ነው፤ ሸክም አይችልም። የጊታር አምፕሊፋየር መግቢያ ብዙውን ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ገደማ ነው፤ ሸክሙ ቀላል ነው። የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን 10 ወይም 20 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ያው አንድ አህያ የሐረጎን ዳገት ባዶውን ሲወጣና ኩንታል ተጭኖ ሲወጣ በለው። ሸክሙ ሲበዛ መጀመሪያ የሚወድቀው ሃዩ ነው። ከዚያ አንተ ሚክሰሩ ላይ ሃይ ትጨምራለህ። የሞተውን ግን አታስነሣውም፤ የሚጨምርልህ ሽሽታውን ነው። የጻፍክልኝም ይህንኑ ነው።

ሚክሰሩ ላይ «ሃይ ዚ» ወይም የጊታር ምልክት ያለበት ቁልፍ ካለ ተጫነውና ስማ። ከሌለ ዲአይ ቦክስ ያስፈልግሃል። ትንሽ ሣጥን ናት። ከጊታርህ በአጭር ገመድ ወደሷ ትገባለህ፤ ከሷ ወደ ሚክሰሩ በማይክ ገመድ ትሄዳለህ። አክቲቭ የሆነችውን ምረጥ፤ ለፓሲቭ ጊታር ሸክሟ ቀላል ነው። ባትሪ ወይም ከሚክሰሩ የሚላክ 48 ቮልት ያስፈልጋታል። እህትህ አንድ ነገር ብቻ ማምጣት የምትችል ከሆነ እኔ ብሆን ዲአይዋን አስቀድም ነበር። ሁለቱንም ከቻለች እሰየው።

ገመዱም ራሱ ሌባ ነው። የጊታር ገመድ በየሜትሩ ወደ 100 ፒኮፋራድ ይይዛል። ከመድረኩ ጥግ እስከ ሚክሰሩ 10 ሜትር ከዘረጋህ ወደ 1000 ፒኮፋራድ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ሃይህን ከላይ ይቆርጠዋል። ዲአይዋ እግርህ ሥር ከተቀመጠች ግን የጊታሩ ገመድ 3 ሜትር ይበቃዋል። የቀረውን መንገድ የማይክ ገመዱ ይወስደዋል፤ እሱ ርቀት አይፈራም።

ወደ ሚዱ እንምጣ። ሰው ሚድ ሲባል የጣዕም ጉዳይ ይመስለዋል። ለኛ ለወሎዎቹ የቅኝት ጉዳይ ነው። አምባሰልን እንውሰድ። ከሲ (C) ብትነሣ ቀጥሎ ያለው ዲ ፍላት (D♭) ነው፤ መካከላቸው ግማሽ ቶን ብቻ ነው። በኤ ክር ላይ ሦስተኛውና አራተኛው ፍሬት ማለት ነው። አንዱ 65 ኸርዝ፣ ሌላው 69 ኸርዝ ገደማ ነው። የ4 ኸርዝ ልዩነት! ሰው በሚጨፍርበት ድንኳን ውስጥ ይህን ማን ይለየዋል? ጆሮ የሚይዘው ከላይ ያሉትን እጥፎች ነው። ሦስት እጥፋቸው 196 እና 208 ነው። አምስት እጥፋቸው 327 እና 346 ነው። እዚያ ላይ ርቀቱ ይሰማል። ያ አካባቢ ደግሞ አንተ «ሞቅ ያለ ሚድ» የምትለው ነው። ሚዱ ከሌለ አምባሰልህ አምባሰል መሆኑ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጉምጉምታ ነው። ሜጀር ትዝታ ላይ ችግሩ ያን ያህል አይሰማህም፤ እሱ ውስጥ ግማሽ ቶን የለም። ስለዚህ ፒክአፕ ስትሞክር በትዝታ አትሞክር፣ ያታልልሃል። እኔ ቀስ ባለ አምባሰል ጀምሬ በባቲ አልፌ በፈጣን ችክችካ ነው የምጨርሰው። የመጀመሪያው ሚዱን ይነግረኛል፤ የመጨረሻው ጣቴ ክሩን የነካበት ቅጽበት ጥርት ማለቱን ይነግረኛል።

እግረ መንገዴን አንድ ልጠይቅህ፤ ኪቦርዲስታችሁ በግራ እጁ ምን ያደርጋል? ለብቻው መሥራት የለመደ ኪቦርዲስት በግራ እጁ ቤዝ መምታት አይተውም። ሁለት ቤዝ አንድ ቦታ ላይ ከተደራረበ የፈለከውን ፒክአፕ ብትገጥም አይጠራም። ቡና ጋብዘውና «ግራ እጅህን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርግልኝ» በለው። እምቢ ካለ ድገመው፤ በሁለተኛው ቡና ይስማማል። እኛ የሮሃ ባንድን ጆቫኒ ሪኮን እየሰማን ነው ያደግነው፤ እያንዳንዷ የቤዝ ድምፅ ቦታዋን ይዛ ስትሰማ ምን እንደሚመስል ጆሯችን ያውቀዋል።

እንግዲህ ለእህትህ የምትልከው መልእክት ይህ ነው። ለአራት ክር ጃዝ ቤዝ የሚሆን ጥንድ፣ ማግኔቱ አልኒኮ 5፣ «ቪንቴጅ» ተብሎ የሚሸጠው፣ የአንገቱ 7 ኪሎ ኦም ከምናምን፣ የብሪጁ (ከታች፣ ክሩ በሚያርፍበት በኩል ያለው) ከሱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሁለቱም ከ8 ብዙ ያልዘለሉ። አልኒኮ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ነው፤ ብረትም አለበት። 2 ቁጥሩ ለስለስ ይላል፣ ሃዩን ክብ ያደርገዋል። 5 ቁጥሩ ጠንከር ብሎ ሃዩን ይከፍተዋል። ሴራሚክ የሚባለው ርካሽና ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በሴራሚክ ጥሩ የሠሩ አሉ፤ ሆት የሚሏቸው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኘው እሱን ነው። ስም ያለው ጥንድ ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ እህትህ እንዳትደነግጥ አስቀድመህ ንገራት።

ጥንዱን ከአንድ አምራች፣ አንድ ላይ ግዙ። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች አንዱ በአንዱ ተቃራኒ ነው የሚጠቀለሉት፤ ማግኔታቸውም ተቃራኒ ነው። ሁለቱን ቮሊዩም እኩል ስትከፍት የመብራቱ «እምምም» የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ከለቀምክ እምምታው ላይጠፋ ይችላል። ይባስ ብሎ ሁለቱ ተጣልተው ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይቀጥናል።

እምምታውን አቅልለህ አትየው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ እጥፉ 100 ነው። ክፍት ጂ ክርህ ደግሞ 98 ኸርዝ ነው። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ክሩ ዋው ዋው የሚል ይመስልሃል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ክሩን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ጄኔሬተርና የመብራት ጌጥ በበዛበት ድንኳን የምትውል ከሆነ በጃዝ ቅርጽ የተሠራ፣ ውስጡ ግን ስፕሊት ኮይል (ጥቅሉ ለሁለት የተከፈለ) የሆነ አለ፤ አንዱን ቮሊዩም ብትቀንስም ዝም ይላል። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ጊታር አምራቹ ፌንደር ፕሪሲሽን ቤዝን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲያወጣ ፒክአፑ አንድ ጥቅል ነበር። በ1957 ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ግማሽ ለኢ እና ኤ፣ ሌላው ለዲ እና ጂ። ጃዝ ቤዝ በ1960 ሲመጣ ግን ወደ ሲንግል ኮይል (አንድ ጥቅል) ነው የተመለሰው። ለጆሮዬ ሲንግል ኮይሉ ሃዩ ላይ ትንሽ ይከፈታል። ለሠርግ ሥራ ግን ስፕሊቱን ብትመርጥ አልቃወምህም። ጓደኛ መጥቶ «የፕሪሲሽን ፒክአፕ ጨምርበት፣ የሚድ ንጉሥ ነው» ቢልህ፣ ንጉሥ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን እንጨቱን ማን ይቦረቡርልሃል? ተወው።

እህትህ እስክትመጣ በነጻ የምታደርጋቸው ነገሮች አሉ። ሁለቱን ቮሊዩም ሙሉ ስትከፍት ፒክአፖቹ ክሩን ከሁለት የተለያየ ቦታ ስለሚያዩት ከሚዱ የተወሰነው ይጠፋፋል። የብሪጁን ሩብ ያህል ቀንስ፤ ሚዱ ሲመለስ ትሰማዋለህ። (ሲንግል ኮይል ከሆነ እምምታውም ትንሽ ይመለሳል፤ ዋጋው ነው።) ቀጥሎ ከፍታውን እይ። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫንና በክሩና በማግኔቱ መካከል ያለውን ለካ። መለኪያ ከሌለህ ሦስት የኤቲኤም ካርድ ደርበህ አስገባ፤ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለቀጭኑ ክር ይህ ይበቃል፤ ለወፍራሙ አንድ ካርድ ጨምር። ከዚህ የቀረበ ከሆነ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁ ይጨመቃል፣ ቅኝቱም ይወላገዳል። ብዙ ሰው «ጉልበት ይኑረው» ብሎ ያስጠጋዋል፤ ጭቃው ከዚያ ይጀምራል።

ክርህስ ስንት ጊዜው ነው? ይህን አልጻፍክልኝም። ላብ የጠጣ ክር ሃይ የለውም፤ የትኛውም ፒክአፕ የሌለውን አይወስድም። አዲስ ክር ግዛ፤ ራውንድዋውንድ የሚባለውን፣ ኒኬሉን። ስቲሉ ይበልጥ ይጮሃል፣ ሞቅታው ግን ይቀንሳል።

አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ምሥጢር ልጨምርልህ። የቶን ቁልፍህ ላይ ያለው ካፓሲተር ብዙ ጊዜ 473 የሚል ጽሑፍ አለው፤ 0.047 ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ቶኑን ስትዘጋ ሃዩን ብቻ ሳይሆን ሚዱንም ይዞት ይሄዳል። በ223 ብትቀይረው፣ 0.022 ማለት ነው፣ ቶኑን ስትዘጋ ሃዩ ይቀንሳል፣ ሚዱ ግን ይቀርልሃል። ቶኑ ሙሉ ክፍት ሲሆን ይህን ያህል ለውጥ አይሰማህም። ይህቺ ዕቃ ከተበላሸ ሬዲዮ ላይ ተነቅላ ትገኛለች። ደሴ ፒያሳ ካሉት ጠጋኞች አንዱን ጠይቅ፤ ስታኞውንም ሳይቀር እሱ ይሠራልሃል።

ከማዘዝህ በፊት ልኬት ውሰድ። የጃዝ ቤዝ የብሪጅ ፒክአፕ ከአንገቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አንዳንድ ቅጂ ጊታሮች ግን ሁለቱንም እኩል ነው የሚያደርጉት። ሁለቱንም በማስመሪያ ለካና ቁጥሩን ለእህትህ ላክላት። እቃው አሜሪካ ሄዶ አይመለስም።

ስትገጥም ደግሞ ሽቦዎቹን ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ። ካቻቢቴህን በጣም ተጠንቀቅ። ማግኔቱ ይስበዋል። እኔ የመጀመሪያውን ፒክአፔን የገደልኩት እንዲህ ነው። ብሎኑን እፈታለሁ ብዬ ካቻቢቴው ከእጄ ተስቦ ጥቅሉ ላይ አረፈ፤ ያቺ ፀጉር የምታክል ሽቦ ጠብ አለች። አንድ ቦታ መበጠሷ በቃ፤ ፒክአፑ ዝም አለ። ጫፏን ፈልጌ ለማግኘት ሦስት ማታ በፋኖስ ተቀምጫለሁ። አላገኘኋትም። አንተ ጥቅሉ ላይ ወፍራም ካርቶን ጣል አድርግበት።

ሌሎች አጫጭር ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤዜን ደሴ ላይ አስተካክዬ ይዤ ኮምቦልቻ ስወርድ ቅኝቱ ወርዶ አገኘዋለሁ። ፒክአፑ ይሆን?
ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ የለም እህቴ፣ ፒክአፕ ቅኝት አያወርድም፤ በጣም ካልተጠጋ በቀር። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደሽ ሌላ አየር ውስጥ ገባሽ ማለት ነው። ክር ሲሞቅ ይረዝማል፣ ድምፁም ይወርዳል። አንገቱም ከአየሩ ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳል። እንደደረስሽ አትቃኚው። ከነቦርሳው ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ከዚያ ክፈቺና ቃኚ። ሚኒባስ ላይ ጣሪያ ላይ አታስጭኚው፤ ሁለት ቦታ ክፈይና አጠገብሽ ይቀመጥ። ከጥጋብ አይደለም፤ አንገት የተሰበረበት ሰው ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ አክቲቭ ፒክአፕ ብገዛ የሚክሰሩ ችግር አይኖርም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እውነት ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ማጉያ ሸክሙን ትሸከምልሃለች፤ ረጅም ገመድም አትፈራም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ለኔ ጆሮ ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ለሌላው ያ ነው ደስ የሚለው። 9 ቮልት ባትሪ ይበላል። ባትሪውን የሚያበራው ጃኩ ነው፤ ጃኩ ተሰክቶ ካደረ ባትሪውም ሲሠራ ያድራል። ጨዋታ ሲያልቅ ጃኩን ንቀል፤ ትርፍ ባትሪም ኪስህ ውስጥ ይኑር። ባትሪው ሲደክም ድምፁ መጀመሪያ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። የኔ ሙሽሪት ልትገባ ስትል ነው የጠፋብኝ።